«በጥልቀት ተንፍሺ» ይሉኛል፤ ስተነፍስ ግን ይብስብኛል

ይህን ክር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጥያቄና መልስ ገጽ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዛ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምረው ማንበብ ስለሚያቅታቸው የተመለሰውን ጥያቄ ደግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጥያቄዬን እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አፍ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ስድቡን አውጥቼዋለሁ። ቁጣውን ግን አላወጣሁም፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

መነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ካሸርነት ነው። ጠዋት ደህና ነኝ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሒሳብ መዝጊያው ሲቃረብ፣ ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ገንዘቡ ልክ ነው። ግን መዳፌን ያልበኛል፣ ብሩ ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ አስሬ ያስቀመጥኩትን ፈትቼ እንደገና እቆጥራለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ኪራዩ፣ የታናሽ ወንድሜ ትምህርት፣ የእናቴ ደም ግፊት፣ ስልኬ ላይ የሚዘንበው ወሬ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ከየቱ ልጀምር እያልኩ አንዱንም ሳልነካ ይመሻል።

አንድ ጓደኛዬ ማይንድፉልነስ ሞክሪ አለችኝ። አሁን የሚሆነውን ነገር፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ሳይፈርዱ፣ ረጋ ብሎ ልብ ማለት ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ትንፋሽሽን ትከተያለሽ፣ ሐሳብ ሲወስድሽ ቀስ ብለሽ ትመለሻለሽ። ይኸው ነው። ሲነገር ደስ ይላል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጥልቀት መተንፈስ ስጀምር አየር ያጥረኛል። ስስብ አይሞላልኝም። ጣቴ ይደነዝዛል፣ ራሴን ያዞረኛል። እኔን ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ? ደግሞስ ይህ ነገር ለኛ ዓይነት ኑሮ ይሆናል?

መልሶቹ

መልስ 1፦ ከደብረ ሲና የጻፈ ጨዋ ሰው ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ እግዜር ያበርታሽ ብሎ ነው የጨረሰው። ምክሩ ግን ያው የፈራሁት ነው። ደረቴ እስኪወጠር ድረስ ደጋግሜ እንድስብ መከረኝ። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ከመናገሩ በፊት እንደዚያ ያደርጋል፤ ይረዳዋልም።

መልስ 2፦ ከሸኖ፣ ሴት ናት። የሷም እንደኔው መሆኑን ብቻ ጽፋ ሄደች። ሁለት መስመር አይሞላም። ያን ምሽት ከሁሉም በላይ ያሳረፈኝ እሱ ነው።

መልስ 3፦ እዚሁ ዞናችን ውስጥ የሚሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ ነው። ክሩን የያዘው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ 1ኛውን በትሕትና አረመው። የተጨነቀ ሰው ችግሩ አየር ማጣት ሳይሆን አየር ማብዛት ነው። ቶሎ ቶሎና በኃይል ሲተነፈስ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። እሱ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ደረት የተያዘ ይመስላል። ሰውየው አየር አጠረኝ ብሎ አብዝቶ ይስባል፤ አብዝቶ በሳበ ቁጥር ይብስበታል። ጣቴ ለምን እንደሚደነዝዝ ያኔ ገባኝ።

ከሥሩ አንድ ነገር ጨምሯል። ልብ መምታትና ላብ ሁሉ ጭንቀት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ለምርመራ ደም እንድሰጥ ነገረኝ። ይህ የክሩ ምርጥ ምክር ይመስለኛል፤ ግን ደስ ስለማይል ማንም ደግሞ አላነሳውም።

መልስ 4፦ የደብረ ሲናው ተመልሶ መጣ። አልተቀየመም። ታዲያ እንዴት ነው የሚተነፈሰው ብሎ ጠየቀ።

መልስ 5፦ ነርሱ። እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ እኔን የጠቀመኝ ይህ ስለሆነ።

አንደኛ፣ ቁም ነገሩ መሳቡ ላይ ሳይሆን ማስወጣቱ ላይ ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ደረትን መሙላት አያስፈልግም። እንዲህ ሲደረግ በደቂቃ 6 ጊዜ ገደማ ይመጣል። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል፤ ማስወጫው ሲረዝም ልብም የሚያርፍበት ጊዜ ይረዝማል።

ሁለተኛ፣ ትንፋሽ ግዴታ አይደለም። አንዳንድ ሰው ወደ ውስጡ ባየ ቁጥር የልቡን ምት እየሰማ ይፈራል። እንደዚህ ያለ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ውጭ ያለ ነገር ላይ ቢያርፍ ይሻለዋል። የእግር ጫማው መሬቱን የሚነካበት ቦታ፣ ከግቢ የሚሰማ ድምፅ፣ እጁ የያዘው ዕቃ። እሱን ያያል፣ ሐሳቡ ይሄዳል፣ ይመልሰዋል። መመለሱ ራሱ ነው ልምምዱ። ሐሳብ ሄደብኝ ብሎ መናደድ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ነው ከበድ የሚለው። ጭንቀትን ለማባረር ብለሽ ከተቀመጥሽ አይሄድም። ሄደልኝ? አልሄደም? እያልሽ ስትጠብቂው ይበልጥ ይጠነክራል። ሥራው ማባረር አይደለም። ልቤ እየመታ ነው፣ መዳፌ አልቦታል፣ ይጎድልብኛል የሚል ሐሳብ መጥቷል፤ እንዲህ ብሎ አይቶ፣ የያዙትን ሥራ መቀጠል ነው። ኃይለኛው ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል፤ ሰው ባይታገለውም ይወርዳል።

እኔ ግን ይህንን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። የመጣሁት እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነዋ።

መልስ 6፦ የቤት እመቤት ናት፣ ከእነዋሪ። ስንት ቡና እንደምጠጣና በምን ሰዓት እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። በጾም ወቅት ምንም ሳትቀምስ ከሰዓት ላይ ጾሟን ፈትታ፣ ምግብ ሳይቀድም አቦሉን ስትጠጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቡናውን ከእህል በኋላ ስታደርገው ቀነሰላት። ቡና ልብ እንደሚያስመታ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሲጨንቀን መጀመሪያ የምናፈላው እሱን ነው።

መልስ 7 እና 8፦ እዚህ ላይ ክሩ ሳተ። ቡና ተነካ ተብሎ ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንዱ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ቀኑን ሙሉ ራሱን እንደሚያመው ገለጸ፤ ይህም ቡናን ከጥፋት ነፃ የሚያወጣ መስሎታል። ሌላኛው ቡናው ሳይሆን አብሮ የሚመጣው ሐሜት ነው ልብ የሚያስመታው ብሏል። ሳቅሁ። አለፍኩ።

መልስ 9፦ ጨዋነቱ እዚህ ጋ አበቃ። ስሙንም ቦታውንም ያልጻፈ ሰው ነው። ይህ ሁሉ የጥጋብ በሽታ ነው ባይ ነው። ደመወዝ ያላት ካሸር ትንፋሿን የምትቆጥረው የሚቆጠር ችግር ስለሌላት ነው። አባቱ በማረሻና በዶማ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው፤ ጭንቀት የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ፈረንጅ ሠርቶ የሸጠልንን እየገዛን መሆኑንም ጨመረበት። አንቺ እያለ ነው የጻፈው፤ እንዳወቀኝ ሰው።

ደሙ የሚፈላ መልስ ጽፌ ሳልለጥፈው ሰረዝኩት። አሁን ሳስበው ግማሹ እውነት ነው። ኪራይ የጨመረበት ሰው ጭንቀቱ ኪራዩ ነው። ትንፋሹ ኪራዩን አይከፍልለትም። ግማሹ ግን ሐሰት ነው። አባቱ ጭንቀትን በአፉ አልጠራው ይሆናል እንጂ ሌሊት ተነሥቶ ደጅ የሚቆም ገበሬ ያላየ ማን አለ?

መልስ 10፦ ይህን መልስ የጻፈው ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚሁ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። 9ኛውን አልመለሰለትም። እኔን ነው ያናገረኝ። መጠለያው ውስጥ አሠልጣኞች መጥተው ዓይን ጨፍኑ፣ ሰላማዊ ቦታ አስቡ ብለዋቸው ነበር። እሱ ዓይኑን ሲጨፍን የሚታየው ሰላማዊ ቦታ አይደለም። ያን ቀን ተነሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ደካማ ሆኜ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በላይ አልጻፈም። እኔም አልጨምርበትም።

መልስ 11፦ ነርሱ በዚያው ሌሊት መለሰለት። ደካማ አይደለህም አለው። ከባድ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በዝምታ ሲቀመጥ ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህ በልምምዱ የታወቀ ጉዳይ ነው፣ አሠልጣኝ የሆነ ሰውም ሊያውቀው ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ከፍቶ፣ ከተቻለ እየተራመደ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሞክር። ከባሰበት ያቁም። ማቆሙ ሽንፈት አይደለም። ዕንቅልፍ የሚነሳው ከሆነ ደግሞ ብቻውን ከመታገል ሐኪም ጋ ይቅረብ፤ ለዚህ የሚሆን ሕክምና አለ። ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር እንደተነጋገሩ አውቃለሁ።

መልስ 12፦ 9ኛው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። ለ10ኛው የጻፈው ግን በእርስዎ ነው። ስለ ትንፋሹ ሐሳቡን አልለወጠም፤ ሰውየው የጎደለው ነገር ካለ ግን ብርድ ልብስ ሊያመጣለት እንደሚችል ጽፎ አድራሻ ጠየቀ። ሰው እንዲህ ነው።

መልስ 13፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ ያለ ሰው ረዘም ያለ ጽሑፍ አመጣ። በአጭሩ፦ ይህ ልምምድ መነሻው የቡድሃ እምነት ተከታዮች ተመስጦ ነው። ወደ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት-ዚን ይባላል፤ በሞለኪዩል ባዮሎጂ የሠለጠነ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች ዛሬ 8 ሳምንት የሚፈጀውን ሥልጠና ጀመረ። እምነቱን ትቶ ልምምዱን ብቻ ወሰደ። በኋላ ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች ከንግግር ሕክምና ጋር አዋሕደው፣ ድብርት ደጋግሞ ለሚመለስባቸው ሰዎች እንዲሆን አደረጉት።

ከዚያ ወደ ጥናቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት 276 የጭንቀት ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የ8 ሳምንቱን ሥልጠና፣ ግማሾቹ ኤስሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ። ሥልጠናው ከመድኃኒቱ አላነሰም።

መልስ 14፦ ፋርማሲስት ናት፤ ቶሎ ብላ አረመችው። አላነሰም ማለት መድኃኒትህን ጣል ማለት አይደለም። እነዚያ ሰዎች በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከአሠልጣኝ ጋር ይቀመጡ ነበር፤ በየቀኑ ደግሞ ቤታቸው 45 ደቂቃ እንዲለማመዱ ይጠየቁ ነበር። ስልክ ላይ በ5 ደቂቃ ቪዲዮ የተማረ ሰው ያንን ጥናት ለራሱ ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ሌላ ጥናትም ጨመረች። 47 ሙከራዎችን፣ 3,515 ሰዎችን ያሰባሰበ ነው። ጭንቀትን በመጠኑ ያቃልላል የሚል ውጤት አገኘ፤ ከመድኃኒትም ከስፖርትም ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። መምህሩ ትንሽ ቅር ብሎት ሐሳቡ ተጣሞ እንደተነበበ ጻፈ። እኔ እሷ ልክ ናት እላለሁ።

መልስ 15፦ የጠበቅኩት መጣ። የቡድሃ ስም ሲጠራ አንድ ወንድም ተቆጣ። ክርስቲያን ሆኖ በባዕድ አምልኮ ሰላም የሚፈልግ ሰው ወዮለት ነው መልእክቱ። ጻድቃኔ ማርያም ቅርባችን ናት፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ቅርባችን ነው፤ ጸበሉን ትተን ወዴት እንሄዳለን ብሎ ጠየቀ።

መልስ 16፦ ዲያቆን ነው። ቁጣ የለበትም። ጸበሉን አልነካም። ቁጭ ብሎ የእግርን ጫማ ማስተዋል አምልኮ አይደለም ይላል፤ የሚመለክ ነገር የለበትማ። አባቶች ሐሳብ ሲበተን የሚሰበስቡበት መንገድ ከጥንት አለ፦ በመቁጠሪያ 41 እግዚኦ ማድረስ፣ ስግደት፣ ጾም፣ ዝምታ። ለጸበልና ለሕክምናም አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸውን አስታወሰ። ለጭንቀትም ያው ነው ብሎ ዘጋ።

መልስ 17፦ ከሸዋሮቢት የጻፈች ሙስሊም እህት ናት። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ከገባ ወዲህ በር ሲጋጭ ትደነግጣለች። ሰላት ላይ ኹሹዕ የሚባለው፣ ልብን ሰብስቦ መቆም፣ ለሷ መልሕቅ እንደሆነላት ነገረችን። ከሰላት በኋላ ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34 ጊዜ በጣቷ እየቆጠረች ትላለች። ቁጥሩ ላይ ስታተኩር ሳይሆን ቃሉ ላይ ስታተኩር ነው ልቧ የሚረጋው። ዲያቆኑ ወዲያው ላይክ አደረገላት። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም።

መልስ 18፦ ሁሉም የተስማማ ሲመስል አንዲት ሴት ሁለቱንም ወቀሰች። ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር ነው፤ የነርቭ ማስታገሻ አታድርጉት። ሰው ጸልዮ ልቡ ባይረጋ እምነቴ ጎደለ ብሎ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል፤ እሷ ራሷ ይህ ደርሶባታል። ትንፋሹም ትንፋሽ ይሁን፣ ጸሎቱም ጸሎት ይሁን፣ አትቀላቅሉ። ንግግሯ ሹል ነው። ግን ከ15 እስከ 18 ካሉት መልሶች ወደ ልቤ የገባው የሷ ነው።

መልስ 19፦ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ። አያቷ የበግ ጠጉር ፈታይ ናቸው። ልጅ ሆና አጠገባቸው ስትፈትል፣ ሐሳቧ ሲሄድ ፈትሉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይቀጥንና ይበጠሳል። አያቷ አይቆጡም። የተበጠሰውን ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው ይቀጥሉና እንዝርቱን ይመልሱላታል። ዛሬ ከተማ ናት፣ ቢሮ ትሠራለች። ጭንቅ ጥብብ ሲላት ያንኑ እንዝርት ታወጣለች። ጠጉሩ ሲለሰልስ፣ ሲሻክር፣ የጠጉሩ ቅባት ጣቷን ሲያወዛ፣ እንዝርቱ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ድምፅ ትከተላለች። አሠልጣኝም ቪዲዮም አያስፈልጋትም። ነርሱ ይህ ከትንፋሹ እኩል እንደሚሠራ አረጋገጠላት።

መልስ 20፦ የጻፈው አዲስ አበባ ሥልጠናውን የወሰደ የሞረትና ጅሩ ልጅ ነው። ሥልጠናው የተጀመረው አንዲት ዘቢብ በዝግታ በመብላት ነበር። ቤቱ ሲመለስ በገብስ ቆሎ አደረገው። አንዷን ፍሬ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል። ጀርባዋ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያያል፣ ያረረውን ጫፍ ያያል። ያሸታታል። ምላሱ ላይ ያቆያታል፤ መጀመሪያ ጣዕም የላትም፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ምጣዱ። ከዚያ ነው የሚሰብራት። ቤተሰቡ ጥርሱን ያመመው መስሏቸው ነበር።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛዋ ፍሬ ላይ ሙሉ እፍኙን ወደ አፌ ወረወርኩት። ቢሆንም ያቺ አንዷ ፍሬ እስክትሰበር ድረስ ኪራዩን አላሰብኩም።

ከመልስ 21 እስከ 23፦ ክሩ እንደገና ሳተ። ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና ይሞቃል ወይስ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ የሚል ክርክር ተነሣ። የኅዳር ውርጭ ተጠራ፣ ዋጋ ተጠራ፣ ባና ይከብዳል ተባለ፣ ክብደቱ ነው የሚያስተኛው ተባለ። የመጨረሻውን የጻፉት አንድ ጋሼ ለዕንቅልፍ ማጣት ከባድ ባና ማለፊያ ነው ብለው ምለዋል። ነርሱ ጸጥ አለ። እኔ ግን ሌሊቱን ባናዬ ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት።

መልስ 24፦ የአይሱዙ ሹፌር። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ፊት ያለው መኪና መብራት ብቻ ነው የሚታየው። አንዴ እዚያ ላይ ድንጋጤ ያዘው፤ ደረቱ ታፈነ፣ ልሞት ነው አለ። ቆሞ እንዳይወርድ መንገዱ ጠባብ ነው። መሪውን የያዘበትን ጣት፣ ፔዳሉን የረገጠበትን እግር፣ መጥረጊያው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲል ያለውን ድምፅ በየተራ ለራሱ እየነገረ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና ወረደ። ይህ ትምህርት እንዳለው ያወቀው ክሩን ሲያነብ ነው። ዓይን ጨፍኑ የሚለውን ግን ሹፌሮች እንዳትሰሙ ብሎ ቀለደ።

መልስ 25፦ ፋርማሲስቷ ተመለሰች፣ ያሁኑ ድምጿ ኮስተር ያለ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከጎረቤት እየተበደሩ የሚውጡ ሰዎች እየመጡ ነው። ለጊዜው ያስተኛል። ሲለመድ መጠኑ ይጨምራል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ በድንገት ሲቆም ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የለመደ ሰው ብቻውን አያቁም፤ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። አረቄንም እዚያው አነሣችው። ማታ ያረጋጋል፣ ሌሊት ስካሩ ሲለቅ ጭንቀቱን ጨምሮ ይመልሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልባቸው እየመታ የሚነቁ ጠጪዎች ምክንያቱን አያውቁትም። እዚህ ላይ አንድም ቀልደኛ አልመለሰላትም።

መልስ 26፦ የራሴ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደም ሰጠሁ። የእንቅርት ዕጢዬ ደህና ነው፣ ደሜ ግን ትንሽ አነስ ብሎ የብረት እንክብል ታዘዘልኝ። ትንፋሹን ትቼዋለሁ። ሒሳብ ስዘጋ ብሩን አንድ ጊዜ ብቻ እቆጥራለሁ፤ ስቆጥር የወረቀቱን ጠርዝ አውራ ጣቴ ላይ ልብ እላለሁ። አሮጌዋ ብር ለስላሳ ናት፣ አዲሷ ትከረክራለች። እንደገና ቁጠሪው የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ከመጣ በኋላ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ልቤ መምታቱን አላቆመም። አሁን እየመታም ሒሳቡን ዘግቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ማታ የሚረብሹኝን ነገሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ነገ የሚሠራ አንድ ብቻ እመርጣለሁ፤ ይህ ከማይንድፉልነስ ይሁን ከእናቴ አላውቅም። ስልኩን ሌላ ክፍል እንዳላደርገው ክፍሌ አንድ ነው። ሻንጣ ውስጥ እከተዋለሁ።

መልስ 27፦ 9ኛው ደግሞ መጣ። የብረት እንክብሉን ቡና አጠገብ እንዳልወስድ ብቻ ጻፈ፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ልክ ነው። ፋርማሲስቷም መሰከረችለት።

መልስ 28፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከጣርማ በር ወረዳ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው ነው፤ ከ2015 መግቢያ ጀምሮ እንደዚያ ሆኗል። ብዙዎቹ ከቤታቸው ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። ባለፈው ጊዜ አንዷ ተማሪው ወረቀቱን ስታገኝ እጇ ደንዝዞ ስሟን መጻፍ አቃታት። ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 29፦ ነርሱ። ተማሪ በፈተናው ቀን አዲስ ነገር አይጀምርም፤ ስለዚህ ከወራት በፊት፣ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይለማመዱት። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይሁን። እግር መሬት ላይ፣ እስክሪብቶ በእጅ፣ ረጅም ማስወጣት። መሥራት ያልፈለገ አይገደድ። ይህ ለተራው የፈተና ፍርሃት ነው። ዕንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የጠፋበት፣ ከሰው የተለየ፣ ወይም ሞትን የሚያወራ ተማሪ ካለ ግን ልምምዱን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያድርሰው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ይልካል፤ አዲስ አበባ ቅዱስ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስም ቢሆን።

መልስ 30፦ መምህሩ አመስግኖ ከሰኞ ጀምሮ በአንድ ክፍል ብቻ እንደሚጀምር ጻፈ። ርእሰ መምህሩን ገና አላስፈቀደም። የሸኖዋ ሴት፣ 2ኛዋ፣ እህቷ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደምትማር ነገረችው። ሁለቱ ስልክ ተለዋውጠዋል፤ እኔም ክሩን አልዘጋሁትም።